የግራው ጆሮ

ጋሽ ከማል ግድግዳውን የደበደቡ ዕለት ሚኪያስ ሄድፎን መግዛት እንዳለበት ገባው። ግድግዳ ከተባለ ነው፤ ባኒያስ በተባለ የዓረብ አገር ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ቪላ ወስዶ ክፍል ክፍል እያደረገ የሚያከራይ ሰው ያቆመው ኮምፔንሳቶ ነበር። በዚያ በኩል ሌሊቱን የውሃ ቦቴ ሲነዱ አድረው ቀን የሚተኙት የወሎው ሰው ጋሽ ከማል፣ በዚህ በኩል ሚኪያስና ጓደኛው ብዙአየሁ ይኖራሉ።

«መዝሙሩን ችዬዋለሁ» አሉ ጋሽ ከማል፣ ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ በሩ ላይ ቆመው። «እንዲያውም አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣልኛል። ጥይቱን ግን አልችልም። እኔን እስኪያገኘኝ ነው የምትጠብቁት?»

መዝሙሩ የብዙአየሁ ነው። ብዙአየሁ የኢትዮጵያውያን ኅብረት መዘምራን አባል ስለሆነ በሚኪያስ ኮምፒውተር የመዝሙር ቪሲዲ እየከፈተ ይለማመዳል። ጥይቱ ደግሞ የሚኪያስ ነው። ሚኪያስ በአንድ የግል ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነው። የጧት ፈረቃውን ሰው ከሰው ሲያገናኝ ይውልና ከቀትር በኋላ ክፍሉ ገብቶ ጌሙን ይከፍታል፤ ማንም ዶክተር እገሌን አገናኘኝ የማይለው ጦር ሜዳ ውስጥ አንድ ጥግ ይዞ መደበቅ ያሳርፈዋል። ሲደክመው ሙዚቃ ይሰማል።

ሐምዳን መንገድ ላይ ወዳለ ሱቅ ከብዙአየሁ ጋር ሄዱ።

«ለሙዚቃ ነው ለጌም?» አለ ባለ ሱቁ፣ የሕንዱ የኬራላ ሰው።

«ለሁለቱም።»

«ለሁለቱም የሚሆን የለም» አለና ለሁለቱም የሚሆኑ ሦስት ዓይነት ደረደረ።

አንዱ ቀላል፣ ስፖንጁ ጆሮ ላይ ዝም ብሎ የሚያርፍ ነበር። ለሙዚቃ ጥሩ ነው፤ ክራሩም ድምፁም ለየብቻ ጠርቶ ይሰማል፤ ድምፁ ግን ወደ ውጭ ያመልጣል። ሌላው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከድን፣ ማይክ ያለው ትልቅ ነገር ነው። በጌም ውስጥ ጠላት በየት በኩል እየመጣ እንደሆነ የእግሩ ኮቴ ሳይቀር ይታወቃል፤ ነገር ግን ያሞቃል፣ ሙዚቃውንም በቤዝ ያጥለቀልቀዋል። ሦስተኛው እንደ ትልቁ ሆኖ ማይክ የለውም።

«ይኼ ድስት ነው» አለ ብዙአየሁ ትልቁን አንሥቶ። «በነሐሴ ሙቀት ድስት ደፍተህ ልትቀመጥ ነው?»

ሚኪያስ ቀላሉን መረጠ። ሳይገዙ ማሸጊያውን ከፍቶ መሞከር አልተፈቀደም።

ቤት ገብቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካው የቀኙ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ የግራው ግን ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። ጨርሶ አልጠፋም፤ ርቋል። በማግሥቱ ሱቁ ተመልሶ ብዙ ከለመነ በኋላ ባለ ሱቁ በትልቁ ለወጠለት። ለብዙአየሁ «አልተመቸኝም» ብቻ አለው።

ትልቁም በግራ በኩል እንደዚያው ሆነ።

ሁለት ማዳመጫ፣ ሁለት ዓይነት ሥሪት፣ በአንድ ጎን አይበላሽም። የቀረው ጆሮው ነበር።

አባቱ አቶ ጋሻው አዳማ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። የእሳቸውም በግራ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ደንበኞች በቀኝ በኩል መቆም ለመዱ፤ ቀጥሎ ልጆቹ ገበታ ላይ በቀኝ መቀመጥ ለመዱ፤ በመጨረሻ የትም ቢቀመጡ ለውጥ የለውም ነበር። ጥፋቱ የወፍጮው ነው ተብሎ ቤቱ ሁሉ አምኗል፤ ሚኪያስም አምኖ ነበር። አሁን ግን ወፍጮ ሳይነካ ያው ነገር መጣበት። በሚቀጥለው ወር ውሉ ይታደሳል፤ ለኦፕሬተሮች ከሚደረገው የጤና ምርመራ ውስጥ የጆሮ አለበት። በአንድ ጆሮ ኦፕሬተርነት የለም፤ ሥራው ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ የለም።

ራሱን መሞከር ጀመረ። ሥራ ቦታ የሚያደርገው ማዳመጫ አንድ ጆሮ ብቻ የሚይዝ ነው፤ ሁልጊዜ የሚያደርገው በቀኙ ነበር፤ ወደ ግራ ሊያዞረው አልደፈረም። ሞባይሉን በግራ ጆሮው ይዞ ሲያወራ ድምፁ የሳሳ መሰለው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀኝ ጆሮውን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ በግራው የጋሽ ከማልን ማንኮራፋት ጠበቀ። የሳቸው ማንኮራፋት ኮምፔንሳቶውን የሚያርገበግብ ነበር። ምንም አልተሰማውም። ብዙ ቆይቶ ላብ አጥምቆት ተነሣ።

እውነቱን ለማወቅ ማዳመጫውን ገልብጦ ማድረግ ብቻ ይበቃ ነበር። የራቀው ድምፅ ወደ ቀኝ ከተሻገረ ጥፋቱ የጆሮው አይደለም፤ በግራ ከቀረ ግን ያው ነው። ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አውልቆ በእጁ ያገላብጠዋል፣ መልሶም እንደነበረው ያደርገዋል። እስካልገለበጠው ድረስ ደህና ሊሆን ይችላል።

ለብዙአየሁ አልነገረውም። ቢነግረው አርብ በኅብረቱ ፊት ጸሎት ይያዝለታል፤ ከዚያ እሱ ከሚሠራበት ሆስፒታል የሚመጡት ሁለት ነርሶችም አሜን ብለው፣ ወሬውን ይዘው ወደ ሥራ ይመለሳሉ። የነገረው አል ዐይን ከተማ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ለሆነች ታላቅ እኅቱ ለፌቨን ነው።

«ቅዳሜ ና» አለችው። «እኛ ጋ ትታያለህ። ማዳመጫውንም ይዘህ ና።»

አውቶቡሱ ላይ በግራ በኩል መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፤ ሰው የሚቀመጠው በቀኙ እንዲሆን። ይህን ማድረጉን ያወቀው መንገዱን የሚያጅቡት ዛፎች ማለፍ ሲጀምሩ ነው፤ አባቱ ያደርጉት የነበረውን ነው ያደረገው። ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ቀረ።

ፌቨን ክፍሏ ውስጥ ምሳ አቅርባ ጠበቀችው። እንጀራውን በአንድ ጎኑ ብቻ ቆንጥሮ ሲተወው አየችና ሳህኑን አነሣች።

«ገልብጠህ አድርገኸዋል?»

«ምኑን?»

«ሄድፎኑን ነዋ!»

ሚኪያስ ማዳመጫውን አውጥቶ በእጁ ያገላብጠው ጀመር።

«አንተ!» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥተህ ይህችን አልሞከርካትም?»

«አልሞከርኩም።»

«ለምን?»

«ፈራኋ፣ ፌቪ።»

ሳቋ መጥቶ ነበር፤ መለሰችው። አብራት የምትኖረውን የኑርያን ኮምፒውተር ከፈተች፣ ማዳመጫውን ሰካች፣ የምታውቀውን የድሮ ሙዚቃ አስጀመረችና ራሱ ላይ አጠለቀችለት። እንደ ሕፃን ልጅ ኮፍያ ሁለቱንም ጎን ጎተት አድርጋ አስተካከለችው። ሚኪያስ ዐይኑን ጨፈነ።

መሲንቆው በግራ በኩል ነበር። እዚያው፣ ጆሮው ሥር፤ ደጋኑ ጭራውን ሲፈትግ ሳይቀር ይሰማል።

«የትኛው ነው የራቀው?» አለች።

የራቀ የለም ለማለት እጁን አወዛወዘ። ማዳመጫውን አውልቆ በገዛ እጁ ገለበጠና አደረገው። መሲንቆው ወደ ቀኝ ተሻገረ፤ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ወደ ግራ መጣ፤ ሁሉም ባለበት ደህና ነው። ትከሻው ወርዶ ወንበሩ ላይ ተለጠጠ። ከዚያ ዐይኑ ሞላ፤ ፌቨን እንዳላየ ሆና ወደ ምድጃው ዞረች።

«ጆሮህም ደህና፣ ይኼ ድስት የምትሉት ነገርም ደህና» አለች ጀርባዋን ሰጥታ። «የቀረው ኮምፒውተርህ ነው። ካንተ ሌላ ማን ይነካዋል?»

ለብዙአየሁ ደወሉና ስልኩን በስፒከር አደረጉት። ሚኪያስ ገና የግራው ድምፅ ብሎ ሳይጨርስ ብዙአየሁ አቋረጠው።

«እንዴ! እኔ እኮ ነኝ። ድምፅ ማስተካከያው ላይ ግራና ቀኝ የምትሄደዋን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጌያት ነበር። ቪሲዲው ላይ ዘማሪው በግራ ነው ያለው፣ ሙዚቃው በቀኝ። እሱን ካላሳነስኩት እኔ በምን ልዘምር?»

ሁለቱ የኮምፒውተር ስፒከሮች ቁም ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሚኪያስ በእነሱ ሲሰማ ልዩነቱን አላወቀውም ነበር።

«ታዲያ ጨርሰህ አታጠፋውም ነበር?» አለ። ግራው ጨርሶ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሽቦ ተበጠሰ ብሎ ያልፈው ነበር።

«ዜማው ሲጠፋብኝ ማን ይመልሰኛል?»

ፌቨን አፏን በእጇ ከደነች።

«ብዙአየሁ፣ ደንቆሮ ሆንኩ ብዬ ነበር እኮ!»

«ወይኔ ወንድሜን» አለ ብዙአየሁ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ታዲያ አትነግረኝም? እንጸልይ ነበር።»

«እሱን ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

የክሊኒኩ ቀጠሮ ተይዞ ስለነበር ፌቨን አልለቀቀችውም። ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ ይጫናል። አንዳንዱ ድምፅ ከመቅጠኑ የተነሣ ያሰበው ይሁን የሰማው አይለይም፤ ቢሆንም ይጫናል። መርማሪዋ ፊሊፒናዊት ውጤቱን ለፌቨን አሳይታ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ለምን መጣ?

አመሻሽ ላይ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሲሰለፍ ከኋላው በግራ በኩል አንድ ሰው ተጣራ።

«አንተ ተኳሽ! እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ጋሽ ከማል ነበሩ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዘው።

«እኅቴን ልጠይቅ መጥቼ ነው። እርስዎስ?»

«ኩባንያው ለሥራ እዚህ ልኮ ሳምንት አዋለኝ። ባትነግሩኝም እንደናፈቅኳችሁ አውቃለሁ። ቤቱ ሰላም ነው?»

«ሳምንት?» አለ ሚኪያስ። ማንኮራፋታቸውን ለመስማት ወደ ኮምፔንሳቶው ጆሮውን አቁሞ የጠበቀበትን ከሰዓት አስታወሰ። «ሳምንት ሙሉ አልነበሩም?»

«ምነው? ማንኮራፋቴ ቀረባችሁ?»

ሚኪያስ ሳቀ፤ አሳሳቁ ከጥያቄው በላይ ስለነበር ጋሽ ከማል ገላመጡት። አውቶቡሱ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን የመስኮት ወንበር ይዞ የግራውን ለቀቀላቸው። ትልቁን ማዳመጫ ዐይተው ምንድን ነው አሉት።

«እርስዎ እንዲተኙ የገዛሁት ነው። ያሞቃል፣ ግን ድምፅ አያስወጣም። ለመለወጥ አስቤ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።»

«ይሞቅህ» አሉ። «አንተ ይሙቅህ እኔ ልተኛ።»

ከከተማው ሳይወጡ ራሳቸው ወደ እሱ ትከሻ ዘንበል አለ። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ያ የሚያውቀው ድምፅ ከጉሮሯቸው ተነሥቶ በግራ ጆሮው ገባ። ከፊት የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ ተቆጥታ አየቻቸው። ሚኪያስ ማዳመጫውን አንሥቶ ጆሮው ላይ ሊያደርገው ይችል ነበር። ጭኑ ላይ አስቀምጦት ተወው።