የአባቴ ምልክት

አባቴ ቱሪስቶችን ለዋና የሚወስድበትን የባሕር ውስጥ የኮራል ድንጋይ የሚያገኘው፣ ከጀልባው ሆኖ ሲያይ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ የመስጊድ ሚናራ ከፊቱ ካለችው ትንሽ ደሴት ረጅም የኮኮናት ዛፍ ጋር በአንድ መስመር ሲገጥምለት ነው። ምልክቱን ያሳየው ለእኔ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ለእጮኛዬ ለማካሜ ነገርኩት።

ቅዳሜ ከእንግዶቻችን ጋር ስንደርስ አምስት ጀልባዎች መልህቃቸውን ኮራሉ ላይ ጥለዋል። ማካሜ ከመጀመሪያው ጀልባ ላይ ቆሞ የመጥለቂያ መነጽር ያድላል።

«አንቺ፣ ምን ያስኮርፍሻል? ባሕሩ የአባትሽ ጓሮ ነው እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ።

«ለማንም አልናገርም ብለህ ምለህልኝ አልነበር?»

«ለማንም ነው ያልኩት፤ እነዚህማ ወንድሞቼ ናቸው!»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና ሞተሩን አስነሳ።

«ሌላ ቦታ አለኝ» አለ። «አንቺ ግን ጀርባሽን ለከተማው ሰጥተሽ ተቀመጪ።»