ሀዋኒና የወፍጮው ድምፅ

መጀመሪያ የሚሰማው ድምፁ ነው። ሮቤ በጉም ተሸፍና፣ ጋሪው ከፈረሱ ሳይለይ፣ ከገበያው በታች ያ ጉርምርምታ ይነሳና መንገዱን ሞልቶ ይመጣል። ስንዴ የጫነ ገበሬ አቅጣጫ አይጠይቅም፤ ጆሮውን ተከትሎ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። በሩ ላይ ሲቆም ነው ገዛኸኝን የሚያየው፦ እስከ ቅንድቡ ዱቄት የለበሰ፣ በርሜል ላይ የተቀመጠ፣ ሐሳቡን የት እንደጣለው የማይታወቅ ወጣት።

ገዛኸኝ ወፍጮውን የሚጠብቀው በጆሮው ነው። ከላይ ያለው ማፍሰሻ እህል እስካለው ድረስ ድንጋዩ በወፍራሙ ያጉረመርማል። እህሉ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይቀጥናል። ያኔ ካልጨመረ ወይም ካላጠፋ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋተግና ትናንት የተወቀረው ዛሬ ይበላሻል።

ሚዛኑ ላይ የምትሠራው ጂቱ ናት። ልጇን ሀዋኒን እስከ ዘጠነኛ ወሯ የተሸከመቻት እዚሁ ነው፤ ሆዷን የዱቄት ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ጆንያ ስታስር። ከወለደች በኋላም ሕፃኗን ይዛ ተመለሰች። ሀዋኒ አሁን አምስት ወሯ ነው፤ ጥግ ላይ በተደራረበ ባዶ ጆንያ ላይ፣ በጋቢ ተጠቅልላ ትውላለች። በር ቢበረገድ፣ ጣሳ ቢወድቅ፣ አህያ ቢያናፋ ደንገጥ አትልም። የክትባት ቀን ነርሷ ጆሮዋ ሥር ቁልፍ ብታንቃጭል ልጅቷ ጣራ ጣራውን አየች።

«እርጉዝ ሳለሽ ድምፅ የበዛበት ቦታ ነበርሽ እንዴ?» አለች ነርሷ። «ጆሮዋ ይታይ። ካልሰማች አፏን አትፈታም፤ አእምሮዋም አብሮ ይዘገያል። ጎባ ሆስፒታል ልጻፍልሽ።»

ወረቀቱ ከጂቱ ቀሚስ ኪስ ሳይወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ብታወጣው የሚነግሯትን ፈርታለች። ወሬው ግን ከእሷ ቀድሞ ጊኒር ገባ። እዚያ ያሉት አማቷ አዮ ሽቶ «ልጅቷን ገና ከሆድ ሳትወጣ ወፍጮ ፈጭቷታል! ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ጸጥ ባለ ቤት አሳድጋታለሁ» ብለው ላኩ። በደሎ መና መንገድ መኪና የሚነዳው ባሏ ለሊሳ ሲደወልለት፣ «እናቴ ካለች አለች ነው» ብሎ ዘጋ።

ዓርብ ዕለት ገዛኸኝ እንደ ልማዱ በሐሳብ ጭልጥ ብሎ ሳለ ሀዋኒ አለቀሰች። ብድግ ሲል ማፍሰሻው ሊራቆት አንድ ጭብጥ ስንዴ ቀርቶታል። ድምፁ መቅጠኑን እሱ አልሰማም ነበር። እህል ሲጨምር ልጅቷ ዝም አለች። አጋጣሚ ነው ብሎ ተወው። ከሰዓት ግን ደገመች፤ ሠለሰች። አራተኛው ላይ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል ጠበቀ። ድንጋዩ ገና ድምፁን ሊቀይር ሲል የልጅቷ ቅንድብ ተሰበሰበ።

አሥረኛ ክፍል ሳለ የባዮሎጂ አስተማሪው ጽንስ በስድስተኛው ወር ግድም መስማት ይጀምራል ማለቱ ትዝ አለው። እንግዲህ ይቺ ልጅ ስሟን ሳታውቅ ወፍጮውን አውቃለች ማለት ነው! እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆና ምን እየመሰላት ሰማችው? እንደ ነጎድጓድ? እንደ እናቷ ድምፅ?

ለጂቱ ቢነግራት፣ «ገዜ፣ አንተ ደግሞ ቀን ቀን ማለም ጀመርክ» ብላ ሚዛኗን ጠረገች።

ቅዳሜ አዮ ሽቶ ጃንጥላቸውን እየመረኮዙ፣ አዲስ ማዘያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ገቡ።

«አካም ቡልተን፣ አዮ» አላቸው ገዛኸኝ።

«ደህና አላደርንም! በዚህ ጩኸት አንተም አልደነቆርክ?»

«እኔስ ደንቁሬያለሁ፤ እሷ ግን ከኔ ቀድማ ነው የምትሰማው። ይቀመጡና ይዩ።»

ጂቱ ጥግ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ገዛኸኝ አንድ ጣሳ ስንዴ ብቻ ጨመረና ጠበቁ። ድምፁ ሲቀጥን ሀዋኒ ዓይኗን በለጠጠች፤ ከዚያ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«ርቧት ነው» አሉ አዮ ሽቶ።

ጂቱ አጠባቻት። ጣሳው ተደገመ። ሀዋኒ ጡቱን ተፍታ አለቀሰች።

«ታዲያ ምን ይገርማል? ወለሉ እኮ ይንቀጠቀጣል! ላሟም መሬት ሲነቃነቅ ትነሳለች።»

«እንግዲያው ይዘዋት ይውጡ። ጋሪዎቹ ጋ ይቁሙ፤ እዚያ መሬቱ አይነቃነቅም። እህሉ መቼ እንደሚያልቅም አያዩም።»

አሮጊቷ ጠረጠሩት። ግን ልጅቷን አቅፈው መንገዱን ተሻገሩ። ገዛኸኝ መጀመሪያ ግማሽ ጣሳ፣ ቀጥሎ ሦስት ጣሳ ጨመረ፤ የምታለቅሰው ጊዜውን ለምዳ እንዳይሆን ብሎ። ሁለቱንም ጊዜ፣ ድምፁ ቅጥን ሲል ከጉሙ ውስጥ የሀዋኒ ለቅሶ መጣ።

አዮ ሽቶ ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው ሌላ ሆኗል።

«ትሰማለች» አሉ። «ወላሂ ትሰማለች! ጭንቅላቷም ደህና ነው። ለሊሳን በሆዴ ይዤ አንድም ድምፅ ከሌለበት ቤት ነበር የተቀመጥኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ሰው ሲጠራው አይሰማም!» ሳቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጅሽ እዚሁ አንቺው ጋ ትሁን። ሥራሽንም ሥሪ።»

ገዛኸኝን ደስታ አላስቀምጥ አለው። «ሳትወለድ ሙያ የያዘች! ትንሽ ትደግ እንጂ ወፍጮውን ለሷ ነው የማስረክበው፤ እኔ ሄጄ እተኛለሁ!»

አዮ ሽቶ ይበልጥ ሳቁ። ጂቱ አልሳቀችም።

«ገዜ፣ አጥፋው» አለችው።

ማብሪያውን ተጫነ። ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ተንፏቆ ቆመ፤ ቤቱ ድንገት ባዶ ሆነ። ሀዋኒ አላለቀሰችም፤ ፊቷን ወደ ድንጋዩ አዞረች። ጂቱ ከምስማሩ ላይ የወፍጮ ቤቱን ቁልፎች አወረደችና የልጇ ጆሮ ሥር አንቃጨለች። ልጅቷ ዞር አላለችም። በሌላው ጆሮዋ በኩል ዞራ ደገመች።

«ሀዋኒ» አለች ቀስ ብላ። «ሀዋኒዬ።»

የሕፃኗ ዓይን ከድንጋዩ አልተነሳም። ድምፁ እንደገና እስኪነሳ የምትጠብቅ ትመስላለች።

ጂቱ ቁልፎቹን መልሳ ሰቀለች። ዱቄት የጠገበውን ሽርጧን ፈታች፣ አጥፋ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። ከአማቷ ትከሻ ላይ ማዘያውን ወስዳ ልጇን አዘለች። አንድ እጇን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ የጎባውን ወረቀት አወጣች።

«ወዴት ነው?» አሉ አዮ ሽቶ። «ትኑር አልኩሽ እኮ!»

ጂቱ በሩን አልፋ ወጣች።

ገዛኸኝ ጣቱን ማብሪያው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከዚያ ቤት ሆኖ የሰው ኮቴ ሲርቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።