ሹሬምኛ የሚናገሩ ሴቶች

ሹሬማ የምትባለውን አገር የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳልናደድ ነው፤ ቶሎ እናደዳለሁ። ሹሬማ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ ነው የሚፈሰው። ሰዎቹ ማለዳ ጣሪያቸው ላይ ይወጡና ማሰሮአቸውን ደፍተው ይቀዳሉ። ይህን ሁሉ የማስበው ሃርጌሳ፣ 26 ጁን ሰፈር፣ የሰው ቤት ወለል ስወለውል ነበር። አመሻሽ ላይ ስልኬ ላይ እጽፍና ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል አወጣዋለሁ። አንባቢዎቼ ብዙ አይደሉም፤ ግን ስዘገይ "ጸደንያ፣ ምነው ጠፋሽ?" የሚሉኝ አሉ።

የቸገረኝ የሰዎቹ ስም ነበር። ያን ጊዜ ሼክ ኑር ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖረው ከዊዳድ ጋር ነበር። ዊዳድ የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ዋሄን ገበያ ልብስ ትሸጣለች። እሷ ስትሰግድ እኔ ስልኬን ዝም አሰኛለሁ፤ እኔ ስጾም እሷ ሥጋዋን ውጭ በልታ ትመጣለች። አንድ ቀን የንጉሡን ስም "ዜልቶራክስ" ብዬ አነበብኩላት።

"ይኼ በቀን ሦስቴ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ነው" አለችኝ።

አኮረፍኳት። እሷ ግን ማኩረፌን ከቁም ነገር አትቆጥረውም፤ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኔ እጄን ይዛ ዋሄን ወሰደችኝና ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ።

"አሁን ሰው ሲጠራራ ስሚ" አለች።

እዚህ አገር አባት የሚያወጣው ስም ብቻውን አይበቃም። ሰፈሩ ሰውየውን አይቶ፣ አመዛዝኖ፣ የራሱን ስም ይለጥፍበታል። ረጅሙን ተሸካሚ ዴሬ ይሉታል፣ ረጅሙ ማለት ነው። ዱዓሌ የሚባል ገንዘብ መንዛሪ አለ፤ በስሙ ቢጠሩት ቀና አይልም፣ "ጆሮ ትልቁ" ሲሉት ግን ምሳውን ትቶ ይነሳል። ቅር የሚለው ሰው አላየሁም። እኔ ብሆን እደባደብ ነበር።

"ወላሂ፣ አንቺ ሰዎችሽን አታውቂያቸውም" አለችኝ ዊዳድ። "መጀመሪያ በምን እንደሚያፍሩ ንገሪኝ፣ ስማቸው ከዚያ ይመጣል።"

ንጉሡ በዋሸ ቁጥር የሚያስነጥሰው ሰው ሆነ፤ ስሙም አጢሹ። አጢሹ ሚስቱን የሚጠራበት ቃል አስፈለገው፣ ሚስቱ ደግሞ የምትሰድብበት። እንዲህ እየተጎተተ ሹሬምኛ የሚባል ቋንቋ መጣ። ጠዋት ስንነሳ "ደህና አደርሽ" አንባባልም። "ኪሩሜ" እላታለሁ፤ ሕልምሽ ውስጥ ምን ረስተሽ መጣሽ ማለት ነው። "አንድ እግር ጫማ" ትለኛለች። ወይም "የአያቴን ድምፅ"። በዕረፍት ቀናችን ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን በሹሬምኛ ስናወራ፣ አቧራው ወርቃማ ሆኖ ሲንሳፈፍ፣ የውሃ ጋሪ የሚጎትተው አህያ ሲያልፍ፣ ከበርሜሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ሰማይ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንድ ሕግ ግን ነበረኝ፤ ቃል የማወጣው እኔ ብቻ ነኝ። ዊዳድ ለሽንኩርት ቃል ስትጠይቀኝ ሹሬማ ውስጥ ሽንኩርት አይበቅልም አልኳት። ቆየት ብላ ለሠርግ ጠየቀችኝ። ከዚያ ለአማት።

"ሹሬማ ውስጥ አማት የለም" አልኳት።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር እኮ። ሙአዝ የሚባል የሐረር ልጅ፣ ቡርዖ ከተማ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ፣ ልብስ ልግዛ እያለ ወደ ዋሄን ይመላለስ ጀምሮ ነበር፤ አንድም ልብስ ግን አልገዛም። ቃሉን ከከለከልኳት ነገሩም የሚቀር መስሎኝ ነው። አልቀረም። ዊዳድ በአማርኛ ነገረችኝ።

"ኒካሕ ልናስር ነው፣ ኢንሻአላህ ከረመዳን በፊት። የምንኖረው ቡርዖ ነው።"

አማርኛ ሁሉም ቃል አለው፣ ምን ላድርገው? ለእሷ ደስ ሊለኝ ሲገባ ለራሴ አለቀስኩ። ሁለት ተናጋሪ ያለው ቋንቋ አንዷ ከሄደች፣ የቀረችው ብቻዋን የምታወራ ሴት ናት። ሠርጓ ላይ ሄድኩ፣ በላሁ፣ አጨበጨብኩ፣ በአማርኛ መረቅኳት። በሹሬምኛ ትንፍሽ አላልኩም። እሷም ዓይን ዓይኔን እያየች ጠብቃ ጠብቃ መኪና ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ሹሬማ ደረቀች። ልጽፍ ስቀመጥ ውሃው እንደ ማንኛውም አገር ውሃ ወደ ታች ይወርድብኛል። አጢሹ እንኳን መዋሸት ሰለቸው። ዊዳድ ስትደውል "ደህና ነሽ? ደህና ነኝ" ተባብለን እንዘጋለን። በመጨረሻ አገሪቷን በጎርፍ ላጠፋት ቆረጥኩ፤ የፈጠርኳት እኔ አይደለሁ? አንድ ከሰዓት በኋላ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የመጨረሻውን ክፍል ጀመርኩ። ውሃው የቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ሲደርስ ስልኩ በእጄ ላይ ጮኸ።

ዊዳድ ናት። ከኋላዋ ሌላ ሴት ትስቃለች።

"ጎረቤቴ ናት፣ ሹክሪ ትባላለች" አለች። "ላናግራት ብላ ነው።"

ሹክሪ የቡርዖ ሶማሌ ናት፤ አማርኛ አንዲት ቃል አታውቅም። ስልኩን ተቀብላ በሹሬምኛ ሰላም አለችኝ። ቃሉን ከጉሮሮዋ ነው ያወጣችው፣ እንደዚያ አይባልም። ላርማት አፌን ስከፍት ወደ ዊዳድ ዞራ ታወራ ጀመር፤ ዊዳድ ትመልሳለች፣ ይቀባበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እኔ ግማሹ ያመልጠኛል። ለሽንኩርት ቃል አውጥተዋል። ለአማትም አውጥተዋል፤ ሁለት ዓይነት፣ ጥሩ ለሆነችውና ላልሆነችው። ማንን አስፈቅደው? ንዴቴን ፈለግኩት፤ ሁልጊዜ ቅርብ ነበር፣ ያን ቀን አጣሁት።

ሹክሪ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዊዳድ ዝቅ ባለ ድምፅ "ሄሙንዳ ይዞኛል፣ ጸዲ" አለችኝ።

ሄሙ ሳቅ ነው፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሄሙንዳ የሚባል ግን አላወጣሁም። በገዛ ቋንቋዬ ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"ምን ማለት ነው?"

"የሚያስቅ ነገር ሰምተሽ፣ የምትነግሪው ሰው ሩቅ ሲሆን።"

በመንገዱ ላይ የውሃ ጋሪው አለፈ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ" አልኳት። "እኔም በትክክል ልበለው።"