የለሊሴ ሰዓት

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ለሊሴን ቆማ ያያት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ጠዋት ታክሲ ለመያዝ ትሮጣለች፣ ማታ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን ትሮጣለች፣ መሀል ላይ ደግሞ መገናኛ ያለው ቢሯቸው ውስጥ ከፎቅ ፎቅ ስትሮጥ ትውላለች። የሕንፃ ዲዛይን የሚሠራ ድርጅት ውስጥ የፕሮጀክት አስተባባሪ ናት። አስተባባሪ ማለት በቃ፣ መሐንዲሱ ሲጠፋ የምትደውል፣ ደንበኛው ሲቆጣ የምትሰማ፣ ቦሱ «ንድፉ ዛሬውኑ ይለቅ!» ሲል የምታስለቅቅ ማለት ነው። በዚያ ላይ ማታ ማታ ማስተርስ ትማራለች፤ ቅዳሜ ደግሞ የመዘምራን ልምምድ አለባት። ግን አንድም ነገር ቀርቶባት አያውቅም። አንድም!

ምክንያቱም ዘዴ አላት። ግማሽ ሰዓት የሚያረፍድን ሰው ግማሽ ሰዓት አስቀድማ ትቀጥረዋለች። አንድ ሰዓት የሚያረፍደውን አንድ ሰዓት። እሱ አርፍጄያለሁ ብሎ እያለከለከ ሲደርስ፣ እሷ ልክ በሰዓቷ ቁጭ ብላ ፈገግ ትላለች።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው» አላት አንድ ቀን እጮኛዋ ዱሬሳ፣ ነገሩ ሲገባው።

«ውሸት አይደለም፣ ማኔጅመንት ነው።»

«እኔንስ በስንት ነው የምታስቀድሚኝ?»

«አንተማ የኔ ፍቅር፣ አንደኛ ደረጃ ነህ። ሙሉ አንድ ሰዓት።»

ዱሬሳ ሳቀ። ግን ዘዴውን ወደዳት፤ እሱም ሰው ላይ ይሞክራት ጀመር። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

የለሊሴ አባት አቶ ሚልኬሳ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። «የሄደ አውቶቡስ አይጠራም!» የሚሏት ነገር አለቻቸው። የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ አርፍዶ ከመጣ ቤቱ በጎርፍ ይወሰድ እንጂ አያስገቡትም። ይባስ ብሎ፣ የታላቅ እህቷን የአስቴርን ሽማግሌዎች አሥር ደቂቃ አረፈዱ ብለው ከበር መልሰዋቸው፣ አስቴር ምስኪኗ እስከሚቀጥለው ዓመት ቆይታለች። «ቀጠሮ ያላከበረ ይመለስ» ነው ሕጋቸው።

አሁን ደግሞ ተራው የለሊሴ ነው። ዱሬሳ ለሥራ ወደ ጅማ ሊዛወር ነው፣ ሳይጋቡ ከሄደ ነገሩ መቼ እንደሚሆን እንጃ። አባቷ ሽማግሌዎቹን ለእሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቀጥረዋል። ለሊሴ ምን አደረገች? ያው የለመደችውን። ለዱሬሳ «ሁለት ሰዓት» አለችው። ከዚያ ተረጋግታ እንቅልፏን ለጠጠች።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ከአባቷ ጋር እንጦጦ ወጣች። ይሄም ያው ማኔጅመንት ነው፤ ስፖርቷንም አባቷንም በአንድ ጊዜ ነው የምታዳርሰው። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ወርዳ፣ ታጥባ፣ ተሠርታ፣ አምሮባት ትጠብቃለች። ለጊዜው ፀጉሯ በቢጎዲን ተጠቅልሎ በሻሽ ታስሯል። ማን ያየኛል ብላ ነዋ!

ባሕር ዛፉ መሀል ገብተው፣ አቶ ሚልኬሳም በሰማያዊ ቱታቸው ከፊት ከፊት እየቀደሙ ሳለ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው፣ ወይዘሮ በለጡ።

«አንቺ ልጅ! ሽማግሌዎቹ መጥተዋል!»

«የምን ሽማግሌዎች?»

«የምን ትለኛለች እንዴ! ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በር አንኳኩ። እኔ በሌሊት ልብስ፣ እነሱ በነጭ በነጭ! ግቡ ብላቸው ‹አባወራው ሳይኖር አንገባም፣ ሳይቀበሉን ቀሩ እኮ› ብለው ኮስተር አሉ። ተራራ ላይ ነው ብያቸዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ እንሂድ እንሂድ እያለ ነው። ቶሎ በሉ!»

ለሊሴ የእናቷን ስልክ ዘጋች። ለዱሬሳ ደወለች። አልጋ ላይ ነው።

«ዱሬ! ለሽማግሌዎቹ ስንት ሰዓት አልካቸው?»

«አንድ ሰዓት። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ጋሽ ፀሐዬ ዘገምተኛ ናቸው፣ ካንቺ የተማርኩትን...»

«አሥራ ሁለት ላይ ነው እኮ የመጡት!»

«ወይኔ!» አለ ዱሬሳ። «ጋሽ ፀሐዬም ለሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ ለነከበበ፣ አስቀድመው ነግረው ይሆናላ። ከበበ ቁርሱን ሳይበላ ንቅንቅ አይልም።»

ቅብብሎሽ በሉት። ሁሉም እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ ሽማግሌዎቹ ከወፍ ጋር ተነስተው መጥተዋል። አሁን ለአባቷ መናገር የግድ ነው። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነገረቻቸው። አቶ ሚልኬሳ ቆሙ።

«ስለዚህ እነሱ በሰዓታቸው መጥተዋል፤ እኔ ነኝ ቤቴ ያልተገኘሁት?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ! ሚልኬሳ!»

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግን...» ቢጎዲኗን በሻሹ ላይ አከክ አከክ አደረገች። «የሳሎኑን ሰዓት ሩብ ሰዓት የሚያስቀድመው ማነው? ትምህርት ቤት እንዳናረፍድ ብለህ ከልጅነቴ ጀምሮ?»

አባቷ ዛፍ ዛፉን አዩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ ሌላ ነው» አሉ። ከዚያ መሳቃቸውን ለመደበቅ ቁልቁል መሮጥ ጀመሩ። ለሊሴም ከኋላ።

ዳገቱን ወርደው ሊያጋምሱ ሲሉ ግን ከታች የሚወጡ ሰዎች ታዩ። ጋቢ ለብሰው፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ እየተነፈሱ፣ ላብ በላብ ሆነው። ከፊት ጋሽ ፀሐዬ፣ ከኋላ ሆዱን ይዞ ከበበ፣ ሌላም አንድ አዛውንት። በሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አሳርፈው ቆሙ፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይታይማ።

ጋሽ ፀሐዬ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ከዘራቸው ላይ ተንጠለጠሉ።

«አቶ ሚልኬሳ፣ እንደምን አደሩ? ቀጠሮ ያላከበረ ይመለስ ይላሉ አሉ» አሉ። «ታዲያ እርስዎን ወዴት እንመልስዎት? ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

ከበበ በሳቅ ፈነዳ። ለሊሴ ዓይኗን አባቷ ላይ ተከለች። አባቷ ቀልድ የማይወዱበት ቀን ከሆነ አለቀላት፤ ዱሬሳም ጅማ፣ እሷም እዚሁ።

አቶ ሚልኬሳ የቱታቸውን ዚፕ እስከ አንገታቸው ዘጉ፣ ልክ ኮት እንደሚቆለፍ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «አስጠበቅኳችሁ።»

ለሊሴ በሕይወቷ ይህን ቃል ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ጋሽ ፀሐዬም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ ቀልዱን ትተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እንግዲያው የመጣንበትን እንናገር። ቤትዎ ብናጣዎት ለልጅ ብለን ዳገት ወጥተናል። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን ነው።»

«ለልጅ ብሎ እንጦጦ የወጣ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» አሉ አቶ ሚልኬሳ። «ግን በቱታ ልጅ አይሰጥም። ቤት ግቡ፣ ጨጨብሳ ብሉ። መልሱን ሦስት ሰዓት ላይ እነግራችኋለሁ። ሦስት ሰዓት ሲባል ሦስት ሰዓት ነው!»

«መልሱ ምን እንደሆነ ግን...» አለ ከበበ ቀስ ብሎ።

«ጨጨብሳ አልኩህ እኮ! እምቢ የሚል ሰው ቅቤ ያቀልጣል?»

ሸክማቸውን ያሳረፉት ሴቶች እልልታውን ለቀቁት። አንዷ «ሙሽሪት፣ ቢጎዲኑን ፍቺው እንጂ!» ብላ ጮኸችባት፤ ለሊሴ በሁለት እጇ ሻሿን ሸፈነች።

ቤት እንደገቡ አቶ ሚልኬሳ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ወንበር ላይ ቆመው የሳሎኑን ሰዓት ማውረድ ነው። እንግዶቹ እያዩ ሩብ ሰዓት ወደኋላ መለሱት። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እውነተኛው ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኮታቸውን ቆልፈው «እሺ» አሉ።

ለሊሴ ጓዳ ገብታ ለዱሬሳ ደወለች። አልቅሳ፣ ስቃ፣ ነገሩን ሁሉ ከነገረችው በኋላ እሱ ጠየቃት፦

«እሺ፣ የሰርጉ ጥሪ ላይ ስንት ሰዓት እንጻፍ?»

«እውነተኛውን። በቃ፣ ከእንግዲህ ለማንም እውነተኛውን ነው።»

ከሳሎን የአባቷ ድምፅ መጣ፦ «ለከበበ ግን አንድ ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሩት!»