ለሲስተሙ ያልተነገረችው ነጥብ

ነገሩን የሰማው የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ነው፤ የሰማውም እኩሌታውን ብቻ ነው። ሽብሩ ያኔ ጎሚስታ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ፣ ከሕብረት ጉዞ የሚኒባስ ማኅበር ግቢ አጥር ሥር ተቀምጦ፣ የነፋውን ከመነዳሪ ጆሮው ላይ ለጥፎ አየሩ በየት በኩል ሾልኮ እንደሚወጣ ያዳምጣል። ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው የግቢው ተራ አስከባሪ ጋሽ ዘርትሁን፣ ሌላኛው የቦኖሻ መስመር ሾፌር ጋሽ ሀምዛ ነበሩ።

«አርብ ማንም የማንንም ተራ አይነካም።»

«እሁድስ?»

«እሁድማ…»

አንድ አይሱዙ እያጓራ አለፈና ቀሪውን ዋጠው። ሽብሩ የሰማው ሁለቱ ሰዎች ሲስቁ ነው። የጠየቁት ማን እንደሆኑ፣ የመለሱት ማን እንደሆኑ ዛሬ ቢጠየቅ ምሎ አይናገርም። አንዳንዴ በአንዳቸው ድምፅ ይመጣለታል፣ አንዳንዴ በሌላኛው።

ከዚያ በኋላ በግቢው ልማድ ሆኖ ያየው ግን ይህን ነው። አርብ ለጁምዓ የሚሄድ ሾፌር ከስግደት በፊት የሚታጠብበትን የውዱእ ውሃ የሚይዝበትን ቢጫ ጄሪካን ከመኪናው የፊት ጎማ ሥር ያስቀምጣል። ተሳፋሪ እንዳይጉላላ ከኋላ ያለው መኪና ጭኖ ይሄዳል፤ ጄሪካን ያለበት መኪና ግን ከነተራው ይጠብቃል። ሾፌሩ ሰግዶ ሲመለስ ቀጥሎ የሚጭነው እሱ ነው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ፕሮቴስታንቶቹ ሾፌሮች ያንኑ ጄሪካን ከሙስሊሞቹ ይዋሱና ከጎማቸው ሥር አስቀምጠው ወደ ጸሎት ቤት ይሄዳሉ። «ውሃውን እንዳትደፉብን፣ እናንተ እንደሆነ አትታጠቡም!» ይሏቸዋል ሙስሊሞቹ፤ ይሳሳቃሉ። በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድም መስመር የለም።

ጋሽ ዘርትሁን ሲያርፉ ተራ ማስከበሩ ለሽብሩ ደረሰው። ሽብሩ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም። ንባብ የጠነከረለት በመጽሐፍ ቅዱሱና ዕቃ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ጽሕፈቱ ግን የተለቀመ ነበር። በደብተሩ ላይ ታርጋውን፣ መስመሩን፣ መኪናው የገባበትን ሰዓት ያሰፍራል፤ ጄሪካን ካስቀመጠ ሾፌር ስም አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጥብ ያደርጋል። ብዙ አይናገርም፤ ሲነግሩት ግን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ሾፌሮቹ «ፓስተር» ይሉታል፣ ፓስተር ባይሆንም። ስሙን ያወጣለት የጋሽ ሀምዛ ልጅ አወል ነው፤ ሽብሩም በአጸፋው «ሼህ» ይለዋል። አወል አባቱ ሲደክሙ መሪውን ተረክቦ በዚያው በቦኖሻ መስመር ቀጠለ። የሽብሩ ሚስት ጣቢታ ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሳት የአወል መኪና ነው። ጋሽ ሀምዛ ሲሞቱም ሽብሩ ከቀባሪው ጋር ቦኖሻ ወርዶ ሦስት ቀን ተቀምጧል።

ዘንድሮ ማኅበሩ ስምሪቱን ከደብተር ወደ ሶፍትዌር ለማዞር ወሰነ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ አስካለች፣ አቢጋኤል የምትባል ባለሙያ ቀጠሩ። አቢጋኤል ሦስት ቀን ሙሉ ከሽብሩ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠየቀችው። ጎማ የፈነዳበት ሰው ተራው ምን ይሆናል? በጃጁራ የገበያ ቀን ስንት መኪና ይጨመራል? የሺንሺቾ መኪና ሳይሞላ መውጣት የሚፈቀድለት መቼ ነው? እሱ ይመልሳል፣ እሷ ላፕቶፗ ላይ ትጽፋለች። በዕድሜው ይህን ያህል ሰዓት ያዳመጠው ሰው አልነበረምና ደስ ብሎት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ አስካለች ከቢሮው በር ላይ ቆመው በስልክ ሲያወሩ ሰማ። «ሲስተሙ ከጀመረማ ተራ አስከባሪ ምን ይሠራልናል? በር ላይ ይቁም እንጂ።»

ከሰዓት በኋላ አቢጋኤል ደብተሩን ስታገላብጥ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይቺ ነጥብ ምንድን ናት? አርብ አርብና እሁድ እሁድ ትበዛለች።»

መልሱ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የጠዋቱ ወሬ ከአንጀቱ አልወጣም። ይቺ እንኳ ለእኔ ትቅር፣ አለ በልቡ። አርብ ሲመጣ ሲስተሙ ይምታታበታል፤ ያን ጊዜ ሽብሩን ጥሩልን ማለታቸው አይቀርም።

«ምንም አይደለችም» አላት። «እስክሪብቶ ነው የነካው።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«አሮጌ እስክሪብቶ ነው፣ ልጄ።»

ሳቀችና ገጹን ገለበጠችው።

ሲስተሙ ሰኞ ጀመረ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቀለ። ተራው የደረሰ ሾፌር ስልኩ ላይ ይጠራል፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ዝግጁ» የሚለውን ካልነካ ወደ መጨረሻ ይወርዳል። እስከ ሐሙስ ሁሉም ወደደው። ተሳፋሪ አይጋፋም፣ ሾፌርና ሾፌር በር ላይ አይተናነቁም። ሽብሩም የተሰጠውን ታብሌት ይዞ ሲያይ ነገሩ መልካም እንደሆነ አመነ። ያን ጊዜ እንኳ ቢናገር ጊዜ ነበረው። ሐሙስ ለጸሎት ሲንበረከክ ነጥቧ ትዝ አለችው፤ ነገ በእጄ አስተካክለዋለሁ ብሎ ተነሳ።

አርብ ለቦኖሻ አንደኛ የነበረው አወል ነው። እንደ ወትሮው ጄሪካኑን ከጎማው ሥር አስቀመጠ፣ የስልኩን ድምፅ አጠፋ፣ ከሌሎች አምስት ሾፌሮች ጋር ወደ መስጊድ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ታርጋውን ጠራ። ሽብሩ ታብሌቱን ከላይ እስከ ታች ነካካው፤ ተራ የሚያቆይ ቁልፍ የለውም። እንዲኖረው የሚያደርገውን ምክንያት የደበቀው ራሱ ነው። ወደ አወል ደወለ፤ አያነሳም። ወደ አቢጋኤል መደወል ነበረበት፤ አፈረ። አሥር ደቂቃው አለቀና የአወል ታርጋ አሥራ አራተኛ ላይ ወረደ። የአምስቱም በየተራቸው እየተጠሩ ወረዱ። አርብ ከሰዓት መንገደኛ ይሳሳል፤ አሥራ አራተኛ የሆነ ሰው በዚያ ቀን አይወጣም።

ሰጋጆቹ ሲመለሱ ዘርአብሩክ የሚባለው ሾፌር፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፣ ከሩቁ ጮኸ።

«ሼህ አወል! አንተ ለሱጁድ በግንባርህ ስትወርድ ሲስተሙም አብሮ አወረደህ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። አወል አልሳቀም። ስክሪኑን አየ፣ ጄሪካኑን አየ፣ ከዚያ ሽብሩን አየው።

«ለልጅቷ አልነገርካትም?»

«ነግሬያታለሁ» አለ ሽብሩ።

ቃሉ እንዴት ከአፉ እንዳመለጠ አያውቅም። ተመለስ ቢለው የሚመለስ አልሆነም።

«እንግዲያው አውቀው ነው» አለ አወል ቀስ ብሎ። «ተነግሯቸው ነው። እኛን ለማስወጣት ነው።»

ጄሪካኑን አንስቶ መኪናው ውስጥ ወረወረና ባዶውን ከግቢው ወጣ። አምስቱም ተከተሉት። ሽብሩ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን፣ የአንድ ሰው ጥፋት ሆኖ ይቀር ነበር። ውሸቱ የግቢው ሁሉ ተንኮል አደረገው።

ቅዳሜ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ወይዘሮ አስካለች አቢጋኤልን አቆሟት።

«ተነግሮሽ እያለ ለምን ተውሽው? ሰዎቹ በሃይማኖታችን ተገፋን እያሉ ነው እኮ! ይሄ ለከተማው የሚተርፍ ነገር ነው።»

አቢጋኤል ወደ ሽብሩ አየች፤ ዓይኗንም ቶሎ መለሰች። የአባቷን እኩያ በሰው ፊት ዋሽተሃል ማለት አልሆነላትም።

«አልገባኝም ነበር መሰለኝ» አለች። «ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።»

ሽብሩ የደብተሩን ጠርዝ እያሻሸ አቀርቅሮ ተቀመጠ። አቢጋኤል በሳምንት ውስጥ ሥራዋን አስረክባ እንድትሰናበት ተወሰነ።

በማግስቱ ጸሎት ቤት ውስጥ «ጌታ ሆይ» ብሎ ጀመረ፤ ቀጣዩ ቃል አልመጣለትም። መዝሙሩ አልቆ፣ ስብከቱ አልቆ፣ ሰው እየተሳሳመ ሲወጣ እሱ እዚያው ነው። ጣቢታ ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገራት። እሷም፣ «እኔ ምን ላድርግልህ? ለአወል ንገረው» አለችው።

ሰኞ ዋለ አደረ። ማክሰኞ ከሰዓት የአወልን በር አንኳኳ። የከፈተችለት የአወል ሚስት ረምላ ናት፤ ግባ አለችው፣ እንደ በፊቱ ግን ስለ ጣቢታ አልጠየቀችውም። አወል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

«ደህና ዋሉ፣ አቶ ሽብሩ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ፓስተር ሲለው የኖረ ሰው ዛሬ አቶ አለው። ሽብሩ ሳይቀመጥ ተናገረ። ስለ ነጥቧ፣ ስለ እስክሪብቶው፣ ወይዘሮ አስካለች በስልክ ስላሉት፣ አርብ ስለዋሸው ውሸት፣ ልጅቷ እንዴት እንደሸፈነችው። አወል አላቋረጠውም።

«አርብ ከዚያ ግቢ ስወጣ ማንን እንደረገምኩ ታውቃለህ?» አለው በመጨረሻ። «ዘርአብሩክን። አስካለችን። ያችን የሰው ልጅ። አንተን ብቻ ለይቼ አወጣሁህ። ‹ፓስተርማ ነግሯታል፣ ተንኮሉ የነሱ ነው› ስል ሰነበትኩ። ረምላን ጠይቃት።»

«እውነቱን ነው» አለች ረምላ ከጓዳ። ቆጮና ጎመን ይዛ መጥታ መሃላቸው አስቀመጠች። ማንም አልነካውም።

«ይቅር በለኝ፣ አወል። ተመለስና ተራህን እኔ…»

«አልመለስም። ትናንት ወራቤ ካለ ማኅበር ጋር ፈርሜ መጣሁ። ሰዎቹ ቃሌን ይዘዋል።»

«ትናንት?»

«ትናንት ጠዋት።»

ሽብሩ ሰኞ ጠዋት የት እንደነበር አሰበ። ከዚህ ቤት አምስት ደቂቃ በማይርቅ ሱቅ በር ላይ ቆሞ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር ሲል ነበር። ተቀመጠ።

«አምስቱ ግን አልፈረሙም» አለ አወል። «ሙራድ ልጆቹ እዚህ ነው የሚማሩት። የሌሎቹም ቤታቸው እዚሁ ነው። የእኔ ቁርጥ ሆኗል፤ እነሱ በማያውቁት ነገር ከግቢያቸው መውጣት የለባቸውም።»

«በየቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ዛሬውኑ።»

«በየቤታቸው አይሆንም። ለእኔ በጆሮዬ ነገርከኝ፣ ለእነሱም በጆሯቸው ልትነግር? እኛ የተሳቀብን በሰው ፊት ነው። አንተም የዋሸኸው በሰው ፊት ነው። አርብ ከጁምዓ መልስ በር ድረስ ይዣቸው እመጣለሁ። አስካለችም ዘርአብሩክም ባሉበት፣ ያቺ ልጅም ባለችበት ቆመህ ትናገራለህ። ከዚያ መግባት አለመግባቱ የእነሱ ነው። እኔ ከበር እመለሳለሁ።»

ሽብሩ እጆቹን አየ። ጸሎት ቤት ምስክርነት ስጥ ሲሉት እንኳ ከመቀመጫው የማይነሳ ሰው ነው። ግቢውን አሰበው፤ ሃያ ሠላሳ ሾፌር፣ ረዳቱ፣ ተሳፋሪው፣ ዘርአብሩክ ከጎን ሆኖ የሚወረውረው ቀልድ። ከዚያ በኋላ የበሩ ሥራ እንኳ ላይተርፈው ይችላል።

«በወረቀት ጽፌ ብለጥፈውስ?» አለ።

«አይሆንም።»

«ወይ አንተ አጠገቤ ብትቆም…»

«ከበር እመለሳለሁ አልኩህ እኮ።»

ረምላ ቆጮውን ወደ ሽብሩ ጠጋ አደረገችለት። «ብላ እንጂ» አለችው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አቅንታ። እሱም ቆርሶ ያዘው፣ አልበላውም። አወል አይቸኩልም፤ ይጠብቃል።

«እሺ» አለ ሽብሩ። «አርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ግቢው መሃል ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ። ለልጅቷም አሁን ከዚህ ስወጣ እኔው ራሴ እደውላለሁ።»