እግር ያወጣው ጣቢያ

ተራራው ከተቀሰቀሰ ወዲህ በክትትል ክፍሉ ውስጥ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቷል። ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም ዐይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ይውላል። መንቀጥቀጡ ለየብቻው ሲታይ ኢምንት ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ እንኳ አያንኳኳም። ግን አንዱ ሳይበርድ ሌላው እየተተካ፣ ቀፎው እንደተነካበት ንብ ይግተለተላል። መንቀጥቀጡን ከሚመዘግቡት ጣቢያዎች የሚመጡት መስመሮች ጭረታቸው እየበዛ ከሩቅ ሲያዩዋቸው እሾህ መስለዋል።

ተረኛዋ ባለሙያ ይህን ቀን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ሥራ ከያዘች ጀምሮ ተራራው ዝም ነበር፤ ዘመዶቿም «የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ጠባቂ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። አሁን ሽማግሌው ነቃ። ልቧ እንደ ሙሽራ ሚዜ ይዘልላል፤ ወዲያው ደግሞ ራሷን ትገሥጻለች። ምክንያቱም ለተራራው በጣም ቅርብ የሆነው ጣቢያ የተተከለው ከአጎቷ ጓሮ ነው። አጎቷ ማለት እናቷ ካለፈች በኋላ ያሳደጋት፣ ከእሱ በቀር የሥጋ ዘመድ የምትለው የሌላት ሰው ነው።

ያን ዕለት ጠዋት መንቀጥቀጡ ከጥልቀቱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሩ ካርታው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ቅልጡ ዓለት መንገድ እየፈለገ ነው። ሰዉ ይውጣ» አሉ። አስተዳደሩም አላንገራገረም። የጭነት መኪኖች ተላኩ፤ መንደሩ ፍራሹንና ሕፃናቱን ይዞ መውጣት ጀመረ። ተረኛዋ ወደ አጎቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ መኪና ላይ ወጣህ?»

«መሣሪያሽን ማን ይጠብቀዋል?»

«መሣሪያው ብረት ነው፤ ራሱን ይጠብቃል።»

«ብረትም ይሁን ወርቅ፣ አደራ አደራ ነው። ስትተክይው ምን አልሽኝ? ‹አደራህን፣ ሰው እንዳይነካው› አላልሽም? ዶሮ እንዳይጭርበት ብዬ አጥር ያጠርኩለትን ዕቃ ጥዬ ልሂድ? በስተርጅና አደራ በላ ልታሰኚኝ?»

«የሰጠሁህ እኔ ነኝ። እኔው ትቼዋለሁ።»

«በስልክ? አደራ የሚመለሰው በእጅ ነው፤ ያውም ሰው ፊት።»

«ዶክተር እዚሁ አጠገቤ አሉ። ሰው ናቸው።»

«ሰላም በይልኝ» አለና ዘጋው።

«ምን አሉ?» አሉ ዶክተሩ።

«ሰላም ብሎዎታል።»

ጥቂት እንደቆዩ የጓሮው ጣቢያ መስመር አበደ። ጭረቱ ከስክሪኑ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይወራጭ ነበር። ዶክተሩ ቀለማቸው ተለወጠና «እሱ ሥር መሬት ተከፈተ» አሉ በቀስታ። ከኋላ የነበረው ቴክኒሻን የያዘውን ገመድ ጣለ። ተረኛዋ «ፈጣሪዬ» ብላ ጠረጴዛውን ያዘች።

ጠረጴዛውን እንደያዘች ግን ዐይኗ ወደ ሌሎቹ መስመሮች ሄደ። ሥራ እንዲህ ነው፤ ልብ ሲደነግጥም ዐይን ልማዱን አይተውም። ጎረቤት ጣቢያዎች እንደ ቀድሞው ጥቃቅን ጭረታቸውን ይጭራሉ እንጂ ምንም አልሰሙም። መሬት ከተከፈተ እንዴት አንዱ ብቻ ይሰማል? እንደገና ያበደውን መስመር አየችው። ምት፣ ምት፣ ምት። ከዚያ እረፍት። ደግሞ ምት፣ ምት።

«ዶክተር፣ ይሄ ተራራ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዶማ ነው። ተራራ መዳፉ ላይ እንትፍ ሊል አያርፍም።»

ቴክኒሻኑ ሳቁ አመለጠው። ዶክተሩ ለመቆጣት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ እሳቸውም ሳቁ። «እየነቀሉት ነው? በዚህ ቀን? ዋናውን ጣቢያችንን?»

«ሊመልስልኝ ነው» አለች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየም።

መስመሩ ጸጥ አለ። ተነቀለ፣ አለቀ ብለው ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ እንደገና ተነሳ። ረጋ ያለ፣ እኩል እኩል የሆነ ምት። መሣሪያው ባትሪውም ሲም ካርዱም አንድ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቢነቅሉትም መላኩን አያቆምም። ሰዓቱን ከሳተላይት ስለሚወስድ ያለበትንም ቦታ አብሮ ይናገራል። እነሆ፣ ለዓመታት ካርታው ላይ እንደ ሚስማር ተተክላ የኖረችው ሰማያዊ ነጥብ ከቦታዋ ተንሸራተተች።

«እየተራመደ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

«በሥራ ዘመኔ ጣቢያ ሲሰረቅ አይቻለሁ» አሉ ዶክተሩ፤ «ሲሰደድ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ነጥቧ መኪኖቹ ወዳሉበት መንገድ አልታጠፈችም፤ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች። በወንዙ ሆድ ተሂዶ ከተማ የሚገባ አቋራጭ አለ፤ ተረኛዋም በልጅነቷ በአጎቷ ጫንቃ ላይ ሆና አልፋበታለች። ካርታው ላይ ቀያዮቹ ክቦች፣ እያንዳንዳቸው አንድ መንቀጥቀጥ የሆኑት፣ ከጠዋት ጀምሮ ወደዚያው ወንዝ ሥር እየተሰለፉ ነበር። ቀዩ ከወዲያ፣ ሰማያዊዋ ከወዲህ፣ ለመገናኘት የተቀጣጠሩ ይመስላሉ።

ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ሁለቱም እጆቹ ሸክም ላይ ናቸው። ደግማ ደወለች።

«ሾፌሩን አግኚው» አሉ ዶክተሩ።

የመሥሪያ ቤቱን መኪና የሚነዳው ሰው ስሙ ተረስቶ «ጥሩምባ» ነው የሚባለው። ፍየል ቢያይ ይነፋል፤ ፍየል ቢያጣም ይነፋል። በስብሰባ ስንቴ ተወቅሷል። ያን ጠዋት እሱም ከረዳቱ ጋር ሰው ለማውጣት ወደ መንደሩ ተልኮ ነበር።

«ጥሩምባ፣ የት ነህ?»

«አጎትሽ በር ላይ። ቤቱ ተዘግቷል፣ ጓሮው ተቆፍሯል። ሰውየው ሀብት ቀብሮ ነበር እንዴ?»

«ወንዙ ውስጥ ነው ያለው።»

«አንቺ እዚያ ሆነሽ በምን አወቅሽ?»

«እርምጃው ፊቴ ላይ አለ። አፋፉ ላይ ቁምና ጥሩምባህን ንፋ። ወንዙ እንዳትገባ፣ ንፋ ብቻ።»

«ከአለቃ ተፈቅዷል?»

«ንፋ» አሉ ዶክተሩ ከትከሻዋ በላይ።

ስልኩ እንደተከፈተ ነፋው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። ዐይኖች መስመሩ ላይ ናቸው። እርምጃው ቀጠለ፤ ቀጠለ፤ ቆመ።

«ሰምቶሃል። ደግመህ ንፋ።»

ሰማያዊዋ ነጥብ አመነታች። ከዚያ ወደ አፋፉ ዞረች። ምቱ ዘገም ዘገም እያለ ከበደ፤ ዳገት ላይ ያለ፣ ሸክም ያለበት፣ ዕድሜ ያለው ሰው እርምጃ። ቆም ሲል ትንፋሿ ይቆማል፣ ሲነሳ አብራው ትነሳለች። «በርታ፣ ጋሽዬ» ትላለች ለስክሪኑ።

ይሄኔ ሁሉም መስመሮች በአንዴ ተናወጡ። ይሄኛው ዶማ አልነበረም። ከቅርቡ እስከ ሩቁ ጣቢያ፣ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ፤ የአጎቷም እርምጃ እዚያ ጥቁረት ውስጥ ሰጠመ።

«መሬቱ ተሰነጠቀ» አለ ጥሩምባ በስልኩ፤ ድምፁ ቀልድ አልነበረውም። «ወንዙ ውስጥ ነው። እንፋሎት እየወጣ ነው፣ ፉጨቱ ይሰማሻል?»

«ጋሼስ?»

«አቧራ ነው። አቧራ ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ የምትለውን እሷና ያደመጣት ብቻ ያውቃሉ። ዐይኗን ግን ከመስመሩ አልነቀለችም። ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ሳሳ። አንድ ምት ታየ። የተራራው ሊሆን ይችላል ብላ ጠበቀች። ሁለተኛው መጣ፤ እኩል ርቀት ጠብቆ። ሦስተኛው።

«እየተራመደ ነው» አለች። «ጥሩምባ፣ ወደ አንተ እየመጣ ነው። በስተግራህ እይ።»

«ምንም የለ... ቆይ። ቆይ፣ ቆይ። አየሁት። ዱቄት የመሰለ ሰውዬ ነው። ጆንያ ተሸክሟል።»

ክፍሉ በደስታ ጩኸት ፈነዳ። ቴክኒሻኑ ወንበር ላይ ወጣ፣ ዶክተሩ ያገኙትን ትከሻ ሁሉ ይመታሉ። በዚያ ጫጫታ መካከል ከስልኩ ውስጥ የአጎቷ ድምፅ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ ሰውዬ እንዲህ የሚያናፋው? ጆሮዬን አደነቆረው።»

«ጋሼ፣ ምን ነክቶህ ነው ወንዝ የገባኸው?»

«አቋራጭ ነዋ። ዕቃሽ ደህና ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ትንሽ አጋጭቼዋለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

«ለረዳቱ ስጠውና ጋቢና ግባ።»

«ለረዳቱ? ረዳቱ ነው የሰጠኝ?» አለ። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ።

መስመሩ ላይ እርምጃው ጠፍቶ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ተተካ። በሥራው ደንብ የመኪና ጩኸት የገባበት ጣቢያ ወዲያው ይዘጋል፤ ሌላውን ስሌት ያበላሻል። ቴክኒሻኑ በልማድ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«ከስሌቱ አውጣው፤ ከስክሪኑ ግን አታጥፋው» አሉ ዶክተሩ፣ የስንጥቁን ነገር ለአስተዳደሩ ሊነግሩ ስልክ እያነሱ።

ተረኛዋ በአንድ ዐይኗ ስንጥቁን፣ በአንድ ዐይኗ መኪናውን ይዛ ቀጠለች። ጉድጓድ ሲያገኙ መስመሩ ይዘልላል። ፍሬን ሲይዙ ይቀጥናል። ከብዙ ጉድጓድ በኋላ ጉርምርምታው በአንዴ ለስልሶ እንደ ክር ተዘረጋ።

«አስፋልት ገቡ» አለች።