የዱሬሳ ኮረኮንች

እኛ የአስፋልት ሰዎች ነን። አባቴ ሾፌር፣ ወንድሜ ሙሀመድአወል ሾፌር፣ ሟች ባለቤቴም የአሰብን መንገድ በኤንትሬ ከባድ መኪና ሲመላለስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ከወሎ መጥተን አቃቂ ስንሰፍር እንኳ ቤት የሠራነው የመኪና ድምፅ ከሚሰማበት ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ ዱሬሳ በየእሑዱ ብስክሌቱን ይዞ፣ ደህናውን አስፋልት ትቶ፣ በጓሮ በኩል ወደ ኮዬ ኮረኮንች ሲወጣ ነገሩ ይከነክነኝ ነበር። ጤነኛ ሰው አስፋልት እያለለት ጠጠር ላይ ይንገጫገጫል?

ዱሬሳ የፋብሪካ መካኒክ ነው። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ አባቶቹ እዚሁ ፈጬ ያርሱ ነበር። ለፋብሪካው የብስክሌት ቡድን ይወዳደራልና፣ ሲጠይቁት "እግሬን ላጠንክር ብዬ ነው" ይላል። ይበል። ከጥር ጀምሮ ግን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ይዟል። ጠመንጃ የያዘ ሰው እሑድ እሑድ የሚያጠነክረው እግሩን ብቻ ነው ቢሉኝ አላምንም።

ያለ ምክንያት አልነበረም ጥርጣሬዬ። ልጄ መንሱር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። የብሔራዊ ውትድርና ስም ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈ ዕለት ስሙን ከላይ አራተኛ ላይ አገኘሁት። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ያገኘሁት ንባብ የመጀመሪያ ጥቅሙ ይኸው ሆነ። በዚያው ቀን የምሸጠውን በርበሬ ከማስቀምጥበት ጓዳ፣ ከጆንያዎቹ ጀርባ ልጄን ከተትኩት፤ ለሰዉ ሁሉ "ወሎ፣ አያቱ ጋ ሄዷል" አልኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሐጀራም ስሙ የወጣውን ልጇን "ባቲ ነው" ትላለች። እኔ አላመንኳትም፣ እሷም አላመነችኝም፤ ግን አንጠያየቅም።

ሁለት ወር ሙሉ ልጄ በርበሬ እያስነጠሰው፣ አፉን በነጠላዬ አፍኖ ኖረ።

ዱሬሳ ግን ይጠይቃል። "እትዬ በድሪያ፣ መንሱር እንዴት ነው?" ይለኛል። "ደህና ነው፤ ወሎ ነው" እለዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ብስክሌት መንዳቱን አልረሳም አይደል?" አለኝ። ድሮ ያስተማረው እሱ ነው። "ወሎ ምን ብስክሌት አለ!" ብዬ በሩን ዘጋሁበትና መቀርቀሪያውን ሁለቴ አጠበቅሁ። የለም የተባለ ልጅ ብስክሌቱ ምን አስጠየቀው?

በማግስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የብስክሌቱን ኮርቻ ከፍ አድርጎ ያጠብቃል። ዱሬሳ አጭር ነው። ኮርቻው ላይ ወጥቶ ሲሞክረው ፔዳሉን በጣቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚነካው። መልሶ ዝቅ ያደርገዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ጭራሽ ጨመረበት። ገባኝ፤ በየሰዉ አጥር ላይ አሻግሮ ሊያይበት ነው አልኩ።

እሑድ ሽንብራ ልሸምት ነው ብዬ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ተከተልኩት። ብስክሌትን በእግር መከተል ሞኝነት ይመስላል፤ እሱ ግን በየመታጠፊያው እየቆመ ወረቀት ላይ ይጽፍ ስለነበር ብዙም አልራቀኝም። ዳገቱ ላይ ወርዶ ይገፋል፣ እኔ ወገቤን ይዤ አለከልካለሁ። ጠጠሩ ጫማዬን በላው። በልቤ ስንቱን እርግማን አወረድኩበት መሰላችሁ! ኮረብታው ራስ ላይ ከአንድ ገበሬ ጋር ሲያወራ ደረስኩ። እስኪሄድ ግራር ሥር ተሸሽጌ ቆየሁና ገበሬውን ቀረብኩት። ኩምሳ እባላለሁ አለኝ።

"ቅድም ያነጋገረህ ሰው ምን ፈልጎ ነው?" አልኩት።

"ምን አውቃለሁ። በዚህ መንገድ መኪና ያልፋል ወይ፣ በምን በምን ቀን ያልፋል እያለ ነው የሚጠይቅ። መኪና እዚህ ምን ቆርጦት ይመጣል? አንድም መጥቶ አያውቅም አልኩት። እሱንም ጻፈው።"

ልጆቹን ለውትድርና የሚያፍሱት በመኪና ነው። መኪና ያልደረሰበት አገር አፈሳ ያልደረሰበት አገር ነው፤ ሰዉም ልጆቹን የሚያሸሸው ወደዚያ ነው። ዱሬሳ ታዲያ ገና ያልተነካውን መንደር እየመዘገበ ለቀበሌው ሊያስረክብ ነው። ኮዬን ከጨረሰ የሚቀረው የእኔ ጓዳ ነው። ሽንብራውንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ወንድሜ ሙሀመድአወል ዓርብ ከናዝሬት ሲመለስ ሁሉን ነገርኩት። "ነገ ጠዋት ባዶ በርሜል ጭኜ ወደ አሰብ እወርዳለሁ" አለኝ። "ሸራው ሥር አስተኝቼ፣ ሚሌ ላይ ታጥፌ ባቲ አደርስልሻለሁ። መውጫው ኬላ ላይ የማያውቀኝ የለም።"

ለእኛ ቤት ሰው ከመኪና የተሻለ መሸሸጊያ ምን አለ? መንሱር ብቻ አልተዋጠለትም።

"እማዬ፣ ዱሬሳ እኮ ክፉ ሰው አይደለም" አለኝ።

"ዝም በል! ጠመንጃ ያነገተ ደግ ሰው የት አይተህ ታውቃለህ?"

ቅዳሜ ማለዳ አቀፍኩት። ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ አንገቱ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይል ነበር። መኪናው አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁና ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ትንፋሽ ተነፈስኩ።

እኩለ ቀን ላይ ወንድሜ በእግሩ መጣ።

"መኪናውስ?" አልኩት።

"ኬላው ላይ አስቁመውታል።"

"ልጄስ?"

ደጃፉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። "አዳዲስ ወታደሮች ናቸው፤ አንዳቸውም አያውቁኝም። ግን ሳይፈትሹ ሊያሳልፉን ነበር፤ እለፍ ብለውኝ ነበር፣ ወላሂ። አስነጠሰው። ከበርሜሎቹ መሃል ጎትተው አወጡትና በእነሱ መኪና ወሰዱት።"

የዱሬሳን በር በእግሬ ነው የከፈትኩት። ብስክሌቱን ገልብጦ ሰንሰለቱን ዘይት ይቀባል። "አንተ ነህ! አንተ ነህ ልጄን ያስያዝከው!" እያልኩ ደረቱን ደበደብኩት። አልተከላከለም።

"መንሱር ተያዘ?" አለ። ከዚያ የዘይት ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። "በአስፋልት ላኩት? እትዬ በድሪያ፣ በአስፋልት?"

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት። "ከበድሪያ ጓሮ እስከ ኮዬ፣ መኪና የለም። የፈጬ ዳገት፣ ውሻ አለ፣ ወርዶ መግፋት። ከቂሊንጦ ማዶ፣ ረቡዕ መኪና አለ፣ እሑድ የለም። አለሚቱ ቤት፤ በብስክሌት ሁለት ሰዓት ተኩል።"

"አለሚቱ እህቴ ናት" አለኝ። "እሷ ያለችበት ማንም አይደርስም። ነገ ጠዋት ሰዉ ሁሉ የቀበሌ ስብሰባ ሲገባ ልሰደው ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?" ብዬ ጮህኩ።

"እንዴት ብዬ ልንገርዎት? በጠየቅሁዎት ቁጥር ወሎ ነው ይሉኛል። ደብቀውታል፣ ላሽሽልዎት ብልስ? አብዮት ጥበቃው እንዲህ አለኝ ብለው ቀበሌ ቢሄዱብኝ እኔም ቤተሰብ አለኝ። ፈራሁዎት።"

ብስክሌቱን አቃንቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ኋላው ላይ ዳቦና ውኃ የያዘ ከረጢት ታስሯል። ኮርቻውን በእጄ ነካሁት። በዱሬሳ ቁመት ሳይሆን በመንሱር ቁመት ነበር የተስተካከለው። የዚያን ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ ቆሜ በዓይኔ በብረቱ እያየሁት ነበር። እዚያው መሬት ላይ ወድቄ አለቀስኩ።

እሑድ ጠዋት ሰዉ ወደ ስብሰባ ሲጎርፍ ዱሬሳን አስፈቅጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሐጀራ በር ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

"ሐጀራ፣ ልጅሽ ብስክሌት ይችላል?" አልኳት።

እኔን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ ከኋላዬ የዱሬሳን ቤት አየች። ፊቷ ልውጥ አለ። "ልጄ ባቲ ነው። ስንቴ ልንገርሽ?" አለችና በሩን ዘጋችብኝ። መቀርቀሪያውን ሁለቴ ስታጠብቅ ሰማኋት።

ወረቀቱን በበሩ ሥር ላሾልክላት ጎንበስ አልኩ። ግማሹ ገብቶ ሳለ፣ ወደ ቀበሌ ብትወስደውስ አልኩና መልሼ ሳብኩት።